ዝንጅብል፤ አገሩን ሰውሮ የመጣ ሥር

በኢትዮጵያ ጓዳ ውስጥ ከሚቀመጡት ቅመሞች መካከል እንደ ዝንጅብል ሁለት ሥራ ደርቦ የያዘ ጥቂት ነው። ጤነኛ ሰው በወጡ ውስጥ ይበላዋል፤ የታመመ ሰው ደግሞ ያንኑ ደቅቆ በማር ተለውሶ ይልሰዋል። ባልቴቲቱም ሌሊት ልጅ ሲያስላት ለወጥ ካስቀመጠችው ዱቄት ቆንጥራ ታወጣለች እንጂ፥ የወጡ ዝንጅብል ይህ ነው፥ የመድኃኒቱ ያ ነው ብላ አትለይም። ይህን ያህል የቤት ሰው ከመሆኑ የተነሣ ብዙ ሰው የአገር ተወላጅ አድርጎ ይቈጥረዋል። ዳሩ ግን ታሪኩን መርምሮ ለሚያየው ዝንጅብል ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው፤ ያውም በሄደበት ሁሉ አገሩን ሰውሮ የሚገባ እንግዳ ነው። (ከዚህ በታች የሚነገሩት የውጭ አገር ዘመናት በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያው ግን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።)

ስለዚህ መሰወር ቀድመው የሚመሰክሩት በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበሩ ሁለት ጸሐፊዎች ናቸው። አንዱ በጽርእ ቋንቋ የመድኃኒት መጽሐፍ የጻፈው ዲዮስቆሪዶስ ነው፤ ሁለተኛውም የቬሱቭዮስ ተራራ እሳት በተፋበት በ79 ዓመት የሞተው ሮማዊው ፕሊኒዮስ ነው። ዲዮስቆሪዶስ ዝንጅብል ሰውነትን እንደሚያሞቅ፥ ምግብን እንደሚያፈጭ፥ ለጨጓራም እንደሚስማማ ይናገራል፤ ገዢውም ብል ያልበላውን እንዲመርጥ ይመክራል። ከዚሁም አንዳንዱ በመንገድ እንዳይበላሽ ተዘጋጅቶ በማሰሮ ወደ ኢጣልያ ይሄድ እንደ ነበረ ጽፎአል። ፕሊኒዮስ በበኩሉ፥ ዝንጅብል የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ሥር ነው የሚሉትን ነቅፎ፥ ለብቻው የሆነ፥ ሥሩ ነጭ የሆነ ትንሽ ተክል መሆኑን አስታወቀ። ዋጋውም ለአንድ የሮማ ፓውንድ 6 ዲናር ነው አለ። በዚያ ጊዜ ጥቁሩ ቁንዶ በርበሬ 4፥ ነጩ 7፥ የጥምዝ ወገን የሆነው ረጅሙ ደግሞ 15 ዲናር ይሸጥ ነበርና ዝንጅብል በመካከል የሚቈም ነበረ።

የሚያስደንቀው ግን ስለ አገሩ የተናገሩት ነገር ነው። ሁለቱም ዝንጅብል የሚበቅለው በዓረብ አገርና በጥሮጎዲጢቄ ነው ብለዋል። ጥሮጎዲጢቄ ማለት ከግብፅ ወደ ደቡብ በቀይ ባሕር አጠገብ የተዘረጋው የአፍሪቃ ዳርቻ ነው። ፕሊኒዮስም በሌላው የመጽሐፉ ክፍል የዚህ ዳርቻ ሰዎችና የኢትዮጵያውያን ትልቁ ገበያ አዱሊስ መሆኑን ይናገራል። አዱሊስ ደግሞ ዛሬ በኤርትራ ምድር ፍርስራሹ የሚታየው የአክሱም መንግሥት የባሕር በር ነበረ። እንግዲህ የሮም ባላባት በማዕዱ ላይ የሚነሰነሰውን ዝንጅብል ከአዱሊስ አካባቢ የበቀለ እየመሰለው ይበላው ነበር ማለት ነው።

ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ደስ ብሎት፥ እነሆ የዝንጅብል አገር ተገኘ ሊል ይችላል። ነገር ግን መቸኰል አይገባም። ያው ፕሊኒዮስ ወደ አዱሊስ የሚመጣውን የአገር ሸቀጥ ሲቈጥር የዝሆን ጥርስ፥ የአውራሪስ ቀንድ፥ የጕማሬ ቆዳ፥ የባሕር ኤሊ ቅርፊት፥ ዝንጀሮና ባሮች ይላል እንጂ ዝንጅብል አይልም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቅመሙ ከህንድ በመርከብ ተነሥቶ፥ በዓረብና በአፍሪቃ ዳርቻ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ወደ ግብፅ ይገባ ነበር። የሮም ገዢ ያየው የመጨረሻውን ሻጭ ብቻ ነው። የመጨረሻውም ሻጭ የዕቃውን ምንጭ ለገዢው አይናገርም፤ ቢናገር ገዢው እርሱን አልፎ ወደ ምንጩ ይሄድበታልና። ቀረፋም እንደዚሁ ሆኖ ኖሮአል፤ ጽርኣውያንና ሮማውያን ለብዙ ዘመን የዓረብና የኢትዮጵያ ዳርቻ ፍሬ ያደርጉት ነበር። ምናልባት ሕያው ሥር ከመርከብ ወርዶ በዚያው ዳርቻ በጥቂቱ ተተክሎ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ፕሊኒዮስም በእርሻ የሚለማ ተክል እንደ ሆነ ይናገራልና ነገሩ ፈጽሞ የማይቻል አይደለም። ቢሆንም ትውልዱን ወደዚያ ማድረስ አይቻልም።

ከዚያ በኋላ ንጉሥ ማርቆስ አውሬልዮስ ከልጁ ከኮሞዶስ ጋር ሲገዛ፥ ማለት ከ176 እስከ 180 ባለው ዘመን፥ ከምሥራቅ ገብተው ቀረጥ የሚከፈልባቸው ዕቃዎች ሲጻፉ ዝንጅብልም ተቈጥሮአል። ይህም ዝርዝር በዮስጢንያኖስ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። የመንግሥት ቀረጥ ሰብሳቢ የዕቃውን አገር ባያውቅ ምንም አይጎዳውም፤ ክብደቱን ማወቅ ይበቃዋል።

ነጋዴው የሰወረውን አገር ግን ስሙ አልሰወረውም። በደቡብ ህንድ ቋንቋዎች ዝንጅብል ኢንጂ ይባላል፤ ሥር ደግሞ ቬር ይባላል። ከዚህ ዐይነት ጥንታዊ ቃል የሳንስክሪቱ ሽሪንጋቬራ እንደ ወጣ የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። የሳንስክሪት ሰዎች ግን ቃሉን ለራሳቸው ቋንቋ አስማምተው፥ ቀንድ የመሰለ አካል ማለት ነው ብለው ፈቱት። ፍችው ከሥሩ መልክ ጋር ደኅና ይገጥማል፤ ሆኖም ስሙ ከገባ በኋላ የተሰፋለት ልብስ ነው። ቅኔ ቤት የቈየ ሰው እንግዳ ቃል እንዲህ ሆኖ ሲፈታ ብዙ ጊዜ ሰምቶአልና አይደነግጥም። ከህንድም በፓሊ ቋንቋ ሲንጊቬራ ተብሎ፥ በጽርእ ዚንጊቤሪስ፥ በሮማይስጥ ዚንጊቤር፥ በሱርስት ዘንጋቢል፥ በዓረብ ዘንጀቢል ሆነ። በአማርኛ ዝንጅብል፥ በትግርኛም ጅንጅብል የተባለው በዓረብ ነጋድያን መንገድ የገባው ነው። የዛንዚባር ደሴት ስም ቢመስለውም የአጋጣሚ ነገር ነው፤ እርሱ የጥቁሮች ዳርቻ ከሚል የፋርስ ቃል የመጣ ነውና ዝምድና የለውም።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ዝንጅብል ዝም ይላል። በኦሪት ዘጸአት ስለ ቅብዐት በተነገረው ክፍል ከርቤና ቀረፋ ይጠራሉ፤ በመኃልየ መኃልይም ናርዶስ ይጠራል፤ ዝንጅብል ግን በአንድ ስፍራ እንኳ አይገኝም። በቍርአን በ76ኛው ምዕራፍ ከገነት መጠጥ ጋር መጠራቱ ግን በሰባተኛው መቶ ዓመት በዓረቦች ዘንድ ምን ያህል የታወቀና የተከበረ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ስለ ተክሉ ራሱ ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። ሁሉም ሥር ይለዋል፤ ዕፀዋትን የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ሥር ሳይሆን በመሬት ውስጥ ተጋድሞ የሚያድግ ግንድ ነው ይላሉ። በዱር በቅሎ የተገኘበት ስፍራ የለም፤ የሰው እጅ ካልተከለው አይኖርም። ዘርም አይሰጥም፤ የሚራባው ግንዱ እየተቈረሰ ሲተከል ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ዝንጅብል ሁሉ ከጥንቱ ቍራሽ የተቈረሰ፥ ከእጅ ወደ እጅ ሳይቋረጥ የመጣ ነው። መጀመሪያ ያለሙት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶችና በአካባቢው የነበሩ ባሕረኞች ሕዝቦች ናቸው ተብሎ ይታመናል፤ እነርሱም ከደሴት ወደ ደሴት ሲሻገሩ ከምግብ ተክሎቻቸው ጋር በታንኳ ይወስዱት ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት ተጓዡ ኢብን ባቱታ በህንድ ወደብ የቻይናን መርከቦች አይቶ ሲጽፍ፥ መርከበኞቹ በእንጨት ገንዳ ውስጥ አትክልትና ዝንጅብል ይተክሉ እንደ ነበር ተናግሮአል። ለጣዕም ብቻ ነበረ ወይስ ለባሕር ሕመምም ጭምር? እርሱ አይናገርም፤ ነገር ግን ወደ ኋላ የሚነገረውን የሚያነብ ሰው ሁለተኛውን ሳይጠረጥር አይቀርም። በቻይና ግን ዝንጅብል ከዚያ እጅግ አስቀድሞ የታወቀ ነበረ፤ ኮንፍዩሺየስ ከማዕዱ እንዲታጣ አይወድም እንደ ነበር ስለ እርሱ የተጻፈው መጽሐፍ ይመሰክራል።

የጥንት ባለመድኃኒቶች እርጥቡንና ደረቁን እንደ አንድ አልቈጠሩትም። በህንድ እርጥቡ አርድራካ፥ ደረቁ ሹንቲ ይባላል፤ ቻይናዎችም እንደዚሁ በሁለት ስም ይጠሩታል፥ ለየሕመሙም ለያይተው ያዝዙታል። ደረቁ በህንድ መጻሕፍት ቪሽቫቤሻጃ የሚል ስም አለው፤ የሁሉ መድኃኒት ማለት ነው። ከቁንዶ በርበሬና ከረጅሙ በርበሬ ጋር ሦስት ሆኖ ሲፈጭም ሦስቱ ትኵሳን ተብሎ ይጠራል። ይህ መለያየት ለብዙ ዘመን የባለመድኃኒቶች ወግ ብቻ ይመስል ነበር። በ1879 እንግሊዛዊው ትሬሽ የሚያቃጥለውን ነገር ከዝንጅብል ለይቶ ጂንጀሮል ብሎ ሰየመው፤ ከዚያም በ1917 ገደማ ጃፓናዊው ኖሙራ ሾጋኦልንና ዚንጀሮንን አስታወቀ። ሾጋኦል ስሙ ከጃፓንኛው ሾጋ የመጣ ነው፤ እርሱም ዝንጅብል ማለት ነው። እርጥቡ ዝንጅብል ሲደርቅ ጂንጀሮሉ ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ሾጋኦልም ይልቅ ያቃጥላል። ሲበስል ደግሞ ከፊሉ ለስላሳ ወደ ሆነው ዚንጀሮን ይለወጣል። ስለዚህ የደረቀው ዱቄት ከእርጥቡ ይልቅ ጕሮሮን መንካቱ፥ በወጥ ውስጥ ብዙ የተንተከተከውም መለዘቡ በምርመራ የተረጋገጠ ነገር ሆነ። ወጥ ሠሪ ሴት ዝንጅብሉን ከፊሉን ከቍሌቱ ጋር፥ ከፊሉን ወደ መጨረሻ የምትጨምረው የሾጋኦልን ስም ሰምታ አይደለም።

የደረቀው ዱቄት በመድኃኒትነት የተፈተነበትም ጊዜ አለ። በ1982 በእንግሊዝ በሚታተመው ላንሴት በተባለው የሐኪሞች ጋዜጣ የወጣ ጽሑፍ እንደሚናገረው፥ ሲዞር ቶሎ የሚያጥወለውላቸው 36 ሰዎች በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲፈተኑ፥ 940 ሚሊግራም የዝንጅብል ዱቄት የዋጡት ለዚሁ ሕመም የሚሰጠውን የታወቀ ክኒን ከዋጡት ይልቅ ጸንተው ተገኙ። በ1988ም በዴንማርክ 80 የባሕር ኃይል ተማሪዎች በሚናወጥ ባሕር ላይ ሳሉ፥ 1 ግራም ዱቄት የተሰጣቸው መድኃኒት የሌለበት ዱቄት ከተሰጣቸው ይልቅ ማስመለሳቸው ቀነሰ። እውነቱን ለመናገር በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች ሁሉ አልተስማሙም። ጠንከር ያለው ምስክርነት እርጉዝ ሴቶችን ስለሚይዘው ማቅለሽለሽ የተሰጠው ነው፤ የሚነገረውም መጠን በቀን 1 ግራም ያህል ነው። ለጕንፋን፥ ለሳል፥ ለሆድ ቍርጠት በየቤቱ የሚሰጠው ግን ከብዙ ዘመን ልማድ የተገኘ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዝንጅብልን በመድኃኒት መጠን ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ወደ ንግዱ እንመለስ። በ1340 ገደማ የፍሎሬንሱ ነጋዴ ፔጎሎቲ በጻፈው የንግድ መጽሐፍ ዝንጅብልን በሦስት ዐይነት ይከፍለዋል፤ አንዱን የአገር ቤት ከሚለው የዓረብ ቃል በለዲ፥ ሁለተኛውን ከህንዱ ወደብ ከኮላም ስም ኮሎምቢኖ፥ ሦስተኛውን ከመካ ስም ሚኪኖ ይላቸዋል። መካ ዝንጅብል የሚያበቅል አገር አይደለም። ከፕሊኒዮስ በኋላ ከ1200 ዓመት በላይ አልፎም ፈረንጆች ቅመሙን በሻጩ አገር ስም ይጠሩት ነበር። በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ ካሊከት ሲደርስ ምንጩ ተገለጠ፤ ብዙ ሳይቈይም እስፓኛዎች ሥሩን ወደ አሜሪካ ደሴቶች አሻግረው ተከሉት፥ ጃማይካም ስሙ የተጠራ ዝንጅብል አወጣች።

አገሩ ቢገለጥም መሰወሩ አልቀረም፤ ከአገሩ ወደ ዱቄቱ ተዛወረ እንጂ። ያልተፈጨ ዝንጅብል የሚገዛ ሰው ዐይን አለው፤ ብል የበላውን ይጥላል፥ ቆርሶ ያሸታል፥ ይቀምሳል። የተፈጨውን የሚገዛ ግን የሻጩን እጅ ከማመን በቀር መንገድ የለውም። በእንግሊዝ አገር ከ1851 እስከ 1854 ሐኪሙ አርተር ሂል ሃሳል በለንደን ሱቆች የሚሸጠውን ምግብ በማይክሮስኮፕ እየመረመረ ውጤቱን በዚያው በላንሴት አወጣ። በዝንጅብል ዱቄት ውስጥ የስንዴ ዱቄት፥ የድንችና የሩዝ ዱቄት፥ የሰናፍጭ ገለባ አገኘ፤ ቀለሙ እንዳይነጣ እርድ፥ ማቃጠሉ እንዳይጎድል ሚጥሚጣ የተጨመረበትም ነበረ። የእያንዳንዱ እህል ቅንጣት በመነጽሩ ሲታይ መልኩ ልዩ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ውስጥ ሊሸሸግ አልቻለም። በ1860 በእንግሊዝ የወጣው ምግብን ከባዕድ ነገር መደባለቅን የሚከለክል ሕግ ከዚህ ምርመራ የተነሣ ነው። ቢሆንም ነጋዴ ብልሃት አያጣም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ ለመጠጥ መሥሪያ ተዘፍዝፎ ኀይሉ የወጣለትን ዝንጅብል መልሶ አድርቆ፥ ፈጭቶ መሸጥ ተጀመረ። ይህ ከባዕድ ጋር ያልተደባለቀ እውነተኛ ዝንጅብል ስለ ሆነ ማይክሮስኮፕ አያጋልጠውም፤ ሬሳ ነው እንጂ።

ከዚህም የከፋው በ1930 በአሜሪካ የሆነው ነው። ከ1920 እስከ 1933 በዚያ አገር መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። የጃማይካ ዝንጅብል የሚባለው ለሆድ ሕመም የሚሸጥ ፈሳሽ መድኃኒት ግን አብዛኛው አልኮል ሲሆን በመድኃኒትነቱ ይሸጥ ነበር፤ ድኾች ሰካራሞችም እርሱን ይጠጡ ጀመር። መንግሥት ሰው እንዳይጠጣው ብሎ ብዙ ዝንጅብል እንዲኖርበት አዘዘ፤ ተቈጣጣሪውም ፈሳሹን አትንኖ የቀረውን ደረቅ ነገር ይመዝን ነበር። እንግዲህ ሚዛን ብቻ የሚመለከት ቍጥጥር ለአታላይ በር ይከፍታል። አንዳንድ ሠሪዎች ዝንጅብሉን ቀንሰው ሚዛኑን በሌላ ነገር መሙላት ጀመሩ፤ በመጨረሻም ለፋብሪካ ሥራ የሚውል ትሪ ኦርቶ ክሬሲል ፎስፌት የተባለ ኬሚካል ጨመሩበት። ይህ ጅማትን የሚገድል መርዝ ነበረ። በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች እግራቸው ሰለለ፤ ብዙዎቹም እስከ ሞት ድረስ እግራቸውን እየጣሉ ሲራመዱ ኖሩ። ከጥንት ጀምሮ የሁሉ መድኃኒት ሲባል በኖረ ሥር ስም ይህ መደረጉ ያሳዝናል።

በኢትዮጵያ ቤት የአፈጫጨቱ ነገር በሴቶች እጅ ስለ ነበረ እንዲህ ያለው ነገር በቀላሉ አይገባም ነበር። ዝንጅብሉ ተልጦ፥ ተከትፎ፥ በፀሐይ ደርቆ፥ በሙቀጫ ተወቅጦ፥ በወንፊት ሲነፋ ባለቤቲቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታየዋለች። ለበርበሬውም ከነጭ ሽንኩርትና ከበሶብላ ጋር ተወቅጦ ይገባል፤ ቅቤ ሲነጠር ከኮረሪማ ጋር ይጨመራል፤ ሽሮም ያለ እርሱ ይጎድለዋል። በጾም ወራት ቅቤ ከወጡ ሲርቅ የምስርና የሽሮ መዓዛ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ላይ ይደገፋል፤ በሁዳዴ የዝንጅብል ወዳጅ መብዛቱ ስለዚህ ነው። በወላይታና በጕራጌ ዳጣ የሚባለው ማባያም እርጥብ ዝንጅብል ከቃሪያ ጋር ሲደቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታሰባል። በርበሬ የአሜሪካ ተወላጅ ስለ ሆነ ከ1492 በፊት ወደዚህ አገር አልደረሰም፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረ ሰው ወጡን የሚያቃጥልለት ነገር ቢፈልግ ከቁንዶ በርበሬ፥ ከጥምዝ፥ ከዝንጅብልና ከኮረሪማ ዘንድ እንጂ ከሌላ አያገኝም ነበር። ኮረሪማ የኢትዮጵያ ተወላጅ ነው፤ የዝንጅብልም የቅርብ ዘመድ ነው፤ እርድም ሦስተኛቸው ነው። እንግዳው ዝንጅብል በአገሩ ዘመድ ቈይቶት አገኘ ማለት ነው።

ዛሬ ዱቄቱ በየገበያው ተፈጭቶ ይሸጣል፤ ባዕድ ነገር ተደባለቀበት የሚል ክርክርም በየጊዜው ይሰማል። ነገር ግን ዝንጅብልን በኢትዮጵያ ያስጨነቀው ከዱቄት ሻጩ ይልቅ ራሱ ተክሉ ነው። ዋና እርሻው በወላይታ፥ በከምባታና በጠምባሮ፥ ደግሞም በቴፒ አካባቢ ነበረ፤ ብዙ ገበሬ ለግብሩና ለልጁ ትምህርት የሚከፍለው ከዝንጅብል በሚያገኘው ገንዘብ ነበረ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ራልስቶኒያ ሶላናሴያሩም የተባለ ባክቴሪያ የሚያመጣው የማጠውለግ በሽታ ገባ። ቅጠሉ ይጠቀለላል፥ ቢጫ ይሆናል፥ ግንዱ ይወድቃል፥ ሥሩም በመሬት ውስጥ በስብሶ ይሸታል። በብዙ ቀበሌ ማሳው እንዳለ ጠፋ፤ ገበሬውም ወደ ሌላ ተክል ዞረ።

ጉዳቱ የበዛበትን ምክንያት የተክሉ ታሪክ ራሱ ያሳያል። ዘር የሌለው ተክል በቍራሹ ስለሚራባ፥ ሁሉም ማሳ የአንድ ሥር ልጅ ስለ ሆነ አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉን ይገድላል። ገበሬውም ለሚመጣው ዓመት ዘር ብሎ የሚያስቀምጠው ሥር፥ ከጎረቤቱም የሚገዛው፥ ከላይ ሲታይ ጤነኛ ሆኖ በሽታውን በውስጡ ሰውሮ ይሄዳል። በውሃና በአፈርም ይተላለፋል፤ በአፈር ውስጥም ብዙ ጊዜ ይቈያል። ስለዚህ የምርምር ሰዎች የሚመክሩት በሽታ የሌለበት ዘር እንዲባዛ፥ ዝንጅብል የነበረበትም ማሳ ለተከታታይ ዓመታት በቆሎና እንዲህ ያለ ሰብል እንዲዘራበት ነው። በማሳው ላይ መጠውለግ የጀመረውን ተክል ለመለየት ደግሞ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጦ በጥሩ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ማቆም ይበቃል፤ በሽታው ካለበት ከተቈረጠው አፍ ወተት የመሰለ ነጭ ክር እየተሳበ ወደ ታች ይወርዳል።